የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣና የአየር ጠባይ፤ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

የመኪና ነጂን እግር ከፍሪሲዮን፣ እጁንም ከማርሽ መለወጥ ያሳረፈው አውቶማቲክ ካምቢዮ ለሰጠው ምቾት ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውም ሙቀት ነው። በእጅ በሚለወጥ ካምቢዮ ውስጥ የሞተሩ ኃይል ከማርሽ ወደ ማርሽ፣ ብረት ለብረት ይተላለፋል። በአውቶማቲኩ ግን ኃይሉ በከፊል ወይም በሙሉ በሚሽከረከር ዘይት አማካይነት ስለሚያልፍ፣ ዘይቱ በተንሸራተተ መጠን የሞተሩ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህን ሙቀት ወዴት ማስወገድ እንደሚገባ ከሰማንያ ዓመት በላይ መሐንዲሶችን ሲያሳስብ ኖሯል። ታሪኩ ሲመረመር የሚገኘው ትምህርት ግን አንድ ነው። ይኸውም ማቀዝቀዣ የሚመረጠው በትልቅነቱ ሳይሆን መኪናው በሚሠራበት አገር አየርና በሚወጣው ዳገት መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከመርከብ ወደ መኪና

በ1905 ጀርመናዊው መሐንዲስ ሄርማን ፎቲንገር በስቴቲን ከተማ በሚገኘው የፉልካን መርከብ ፋብሪካ ሲሠራ፣ ኃይልን በፈሳሽ የሚያስተላልፍ መሣሪያ የፈጠራ መብት አገኘ። ዓላማውም የእንፋሎት ተርባይንን ከፍተኛ ፍጥነት ከመርከቡ ማሽከርከሪያ ጋር ማስማማት ነበር። መርከብ በውሃ ተከቦ ስለሚሄድ ማቀዝቀዣ አያጣም፤ መኪና ግን ይህን ጸጋ አላገኘም።

በ1939 የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል መኪና ሃይድራማቲክ የተባለውን ካምቢዮ አቀረበ። በዚህ ካምቢዮ በከፍተኛው ማርሽ ኃይሉ ከፊሉ በዘይት፣ ከፊሉ በቀጥታ በብረት ይተላለፍ ስለነበር መንሸራተቱ፣ ከዚህም የተነሣ ሙቀቱ መጠነኛ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ኤም 5 የተባለው ቀላል የአሜሪካ ታንክ በሁለት የካዲላክ ሞተሮችና በሁለት ሃይድራማቲክ ካምቢዮዎች ስለተሠራ መሣሪያው በብርቱ ተፈትኗል።

ነገሩ የተለወጠው በ1948 የቢዊክ ዳይናፍሎ ሲወጣ ነው። በዳይናፍሎ ጉልበትን የማባዛቱ ሥራ በአብዛኛው በቶርክ ኮንቨርተሩ ላይ ወደቀ። መኪናው ያለ አንዳች መንገጫገጭ መሄዱ ቢወደድም ዘይቱ ብዙ ይንሸራተት ስለነበር ሙቀቱም እንደዚያው በዛ። ከዚህ በኋላ የዘይት ማቀዝቀዣ የካምቢዮው ተጓዳኝ ሳይሆን የካምቢዮው አካል ሆነ።

ውሃ ወይስ አየር?

በዚያን ጊዜ ሁለት መንገዶች ተሞከሩ። በ1950 የስቱድቤከር ኩባንያ ያቀረበው ካምቢዮ ኮንቨርተሩን በአየር ያቀዘቅዝ ነበር። ሌሎቹ ዘይቱን በሞተሩ ውሃ አጠገብ ማሳለፍን መረጡ። ውሎ አድሮ ያሸነፈው ሁለተኛው ዘዴ ሲሆን፣ በራዲያተሩ የውሃ ቋት ውስጥ የተቀበረው ትንሽ የዘይት ቱቦ የብዙ መኪናዎች መደበኛ ሥራ ሆነ።

የውሃው ዘዴ ያሸነፈበት አንዱ ምክንያት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የሞተሩ ውሃ ዘይቱን ከማብረዱም በላይ በብርድ ጧት ያሞቀዋል። የቀዘቀዘ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ማርሽ ለመለወጥ ይዘገያል፤ ለፍሪሲዮን ሳህኖችም በጊዜው አይደርስም። እንግዲህ ማቀዝቀዣ ተብሎ የሚጠራው ዕቃ በእውነቱ ሙቀት አስተካካይ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ዘይቱን ከውሃው በታች ሊያበርደው አለመቻሉ ነው። በቆላ፣ ጭነት ተጭኖ ዳገት ሲወጣ ውሃው ራሱ ስለሚግል፣ ዘይቱን የሚረዳ ተጨማሪ የአየር ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል።

የዘይቱ ድርሻ

ዘይቱም የራሱ ታሪክ አለው። ጄኔራል ሞተርስ በ1949 ታይፕ ኤ፣ በ1967 ዴክስሮን የተባሉትን የዘይት ደረጃዎች አወጣ። በእነዚህ ዘይቶች ውስጥ የፍሪሲዮኑን አያያዝ ለማለስለስ የስፐርም ዓሣ ነባሪ ዘይት ይጨመር ነበር። በ1970 አሜሪካ እንስሳውን ሊጠፉ ከተቃረቡት መካከል ስለመዘገበች ሌላ ቅመም መፈለግ ግድ ሆነ። በምትኩ የመጣው የመጀመሪያው ዴክስሮን 2 ግን የማቀዝቀዣውን ብረት ይበላ ስለነበር ዳግመኛ ተሻሻለ። ዘይትና ማቀዝቀዣ ተለያይተው ሊታሰቡ እንደማይገባ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

በሙያው ዘንድ የሚሠራበት ግምታዊ ስሌት እንደሚከተለው ነው። በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚሠራ ዘይት 160,000 ኪሎ ሜትር ያህል ያገለግላል፤ ከዚያ በላይ ሙቀቱ በ11 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። በ113 ዲግሪ የሚሠራ ዘይት እንግዲህ 20,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላው አለቀ ማለት ነው።

ከዴቪስ ዳም እስከ ዓባይ በረሃ

የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር በ2008 ባወጣው የተጎታች መለኪያ፣ መኪናዎች የሚፈተኑት በአሪዞና በሚገኘው የዴቪስ ዳም ዳገት ነው። 18 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውንና ከፍታው 900 ሜትር ያህል የሚጨምረውን ይህን መንገድ መኪናው ተጎታች እየሳበ፣ ከ38 ዲግሪ ባላነሰ ሙቀትና የጓዳው ማቀዝቀዣ እንደተከፈተ መውጣት አለበት።

ለኢትዮጵያ ባለሙያ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከዓባይ ድልድይ እስከ ጎሐ ጽዮን ወይም እስከ ደጀን ያለው መንገድ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚህ ላይ የከፍታው ጉዳይ ይጨመራል። በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየሩ ክብደት በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ፣ በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል የሚያልፈው አየር የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል። ውሃም በዚያ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ያረጀ የራዲያተር ክዳን ያለው መኪና ቀድሞ ይጎዳል።

በመሆኑም በአፋርና በድሬዳዋ ቆላ ለሚሠራ ወይም ከባድ ጭነት ለሚጎትት መኪና፣ ከራዲያተሩ ቀጥሎ የሚገጠምና የራሱ ማራገቢያ ያለው የአየር ማቀዝቀዣ ይመረጣል። በደብረ ብርሃን ብርድ ለሚውል ቀላል መኪና ግን የራዲያተሩ ቱቦ ብቻውን ይበቃዋል። ደጋና ቆላን በአንድ ቀን ለሚያቋርጥ መኪና የሚስማማው ቴርሞስታት ያለው፣ በድርብ ሳህን የተሠራ ማቀዝቀዣ ነው። ረጅም ነጠላ ቱቦ ያለው ዓይነት በብርድ የወፈረውን ዘይት ያግዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ይቀራል። በራዲያተሩ ውስጥ ያለው የዘይት ቱቦ በእርጅና ከተቀደደ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ፤ የፍሪሲዮን ሳህኖቹም ልባስ ይላቀቃል። ባለንብረቱ ካምቢዮውን በብዙ ገንዘብ አሳድሶ አሮጌው ራዲያተር በቦታው ከተተወ፣ ወጪው ሁሉ በጥቂት ቀናት ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ካምቢዮ ከመፈታቱ በፊት ዘይቱ የተቃጠለበትን ምክንያት፣ መኪናው የሚውልበትን አገርና የሚወጣውን ዳገት ጠይቆ መረዳት የባለሙያው የመጀመሪያ ተግባር ሊሆን ይገባል።