እንጥል ከመቆረጡ በፊት፦ በወልቂጤና በቡታጅራ የላንቃና የመንጋጋ ተፈጥሯዊ ጉድለትን ስለመለየት

ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደን ሕፃን አዋላጇም እናቱም እኩል ያዩታል። አስቸጋሪው ከንፈሩ ሙሉ ሆኖ ላንቃው ብቻ የተሰነጠቀው ነው። ከንፈር በፅንሱ 6ኛና 7ኛ ሳምንት ገደማ፣ ላንቃ ደግሞ እስከ 12ኛው ሳምንት ስለሚገጥም አንዱ ሳይጎዳ ሌላው ሊጎድል ይችላል። በዓለም ዙሪያ ከ700 ሕፃናት አንዱ ገደማ ከሁለቱ በአንዱ ወይም በሁለቱም ስንጥቅ ይዞ ይወለዳል።

ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን ጡት መሳብ ያቅተዋል፣ ትን ይለዋል፣ ወተቱ በአፍንጫው ይመለሳል፣ ክብደት አይጨምርም። በጉራጌም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ለእንዲህ ዓይነቱ ምልክት የቆየ ስም አለ፦ «እንጥሉ ወርዶበት ነው»። መፍትሔው ማስቆረጥ ነው። በጤና ትምህርት ስለ እንጥል ማስቆረጥ የሚነገረው የደም መፍሰሱና የኢንፌክሽኑ ጉዳይ ነው፤ ልክም ነው። ድርጊቱ ምርመራን እንደሚያሰናክል ግን ብዙም ሲነገር አይሰማም፤ በእኔ እምነት ቸል የተባለው ጉዳት ይህ ነው።

ካልናን የተባለ የብሪታንያ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1954 ከአፍ ውስጥ ሥሥ ልባስ ሥር ተሸፍኖ የሚቀረውን ስንጥቅ በሦስት ምልክቶች ገልጾታል፦ ጫፉ ለሁለት የተከፈለ እንጥል፣ በለስላሳው ላንቃ መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ ሥሥ መስመር፣ በጠንካራው ላንቃ የኋላ ጠርዝ ላይ በጣት የሚዳሰስ ገባ ያለ ቦታ። ከሦስቱ በዓይን ለማየት የሚቀለው የመጀመሪያው ነው፤ ቆራጩ የሚወስደውም እሱኑ ነው። ልጁ አፉን ሲፈታ ድምፁ በአፍንጫው ይወጣል። ያኔ ሲወለድ የመጣ ይሁን ምላጩ ለስላሳውን ላንቃ ነክቶት፣ መለየት የሚቻለው የቀሩትን ሁለት ምልክቶች ፈልጎ ነው። (ሁለት ጫፍ ያለው እንጥል ሁሉ በሽታ አይደለም፤ ብዙዎች ሳያውቁት ይኖሩበታል።)

«ግግ» ማውጣትም ተመሳሳይ ብዥታ ይፈጥራል። ድድ ውስጥ ያለው የክራንቻ ቡቃያ ሲነቀል ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስ ይጎዳል፤ ከዓመታት በኋላ የጠፋውን ወይም የተጣመመውን ጥርስ የሚያይ ሐኪም ከተፈጥሮ የመጣ ሊመስለው ይችላል። የልጅነት ታሪኩን ሳይጠይቁ ራጅ ብቻ ማየት አይበቃም።

መንጋጋን በተመለከተ አስቸኳዩ ጉዳይ ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ሮባን እ.ኤ.አ. በ1923 የገለጸው ነው። ትንሽ የታች መንጋጋ ያለው ሕፃን ምላሱ ወደ ኋላ ሄዶ መተንፈሻውን ይዘጋበታል፤ በደረቱ ማስተኛት ብዙዎቹን ይረዳል፤ ግን ከሐኪም ክትትል ጋር ነው። አድጎ መንጋጋው ትንሽ ሆኖ የሚመጣ ልጅ ሲገጥም ደግሞ «ሲወለድ አፉን በደንብ ይከፍት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይከፍት ከነበረ በጆሮ ኢንፌክሽን ወይም በአደጋ ምክንያት መጋጠሚያው ደርቆ ሊሆን ይችላል። ጉንጭን የሚበላው ኖማም ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ችላ ከተባሉ የሐሩር በሽታዎች ዝርዝር አስገብቶታል።

ታዲያ መቼ ይታይ? ከወሊድ ክፍል ሳይወጣ። የብሪታንያ የሕፃናት ሕክምና ሮያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ላንቃ በጣት ብቻ ሳይሆን በባትሪና በምላስ መጫኛ እንዲታይ መክሯል፤ የለስላሳው ላንቃ ስንጥቅ በጣት ዳሰሳ ያመልጣልና። ሁለቱም መሣሪያዎች ርካሽ ናቸው። በቤት ለተወለደው በ6ኛው ሳምንት ለክትባት ሲመጣ ዕድሉ አለ፤ ዘግይቶ ግን ሊሆን ይችላል።

ከወልቂጤ አዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የካቲት 12 ሆስፒታል የስንጥቅ ቀዶ ሕክምና ከሚሰጡት አንዱ ነው። ከንፈር ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር፣ ላንቃ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይጠገናል። በቡታጅራ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመሩት የጤና ጥናት የቤተሰቦችን ልደትና ሞት ሲመዘግብ ቆይቷል። በዚያም ሆነ በየጤና ተቋሙ የልደት ቅጽ ላይ አንድ መስመር ቢጨመር ይበቃል፦ «ላንቃ በብርሃን ታይቷል፤ እንጥል ባለ አንድ ጫፍ፣ ባለ ሁለት ጫፍ፣ የተቆረጠ»።