ፊልሙ ታየ፤ መዝገቡ ተዘጋ

የ1967 ዓ.ም. አዲስ ዓመት በገባበት ምሽት፣ በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን በነበረባቸው ጥቂት ቤቶች አንድ ፊልም ታየ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት በወሎ መጠለያዎች ያነሣው ነበር። ይሁንና የዚያን ምሽት የታየው፣ የብሪታንያ ሕዝብ ያየው ፊልም ብቻ አልነበረም፤ በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብርና ድግስ ተቀላቅሎ ገብቶበት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲመለከቱት ተጠይቀው ነበር። በማግሥቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ።

ያ ምሽት እውነት የወጣበት ሰዓት እየተባለ ይተረካል። በእርግጥም ሕዝቡ ያላየውን አይቷል። ነገር ግን ፊልሙ የማይመልሳቸው ጥያቄዎች ነበሩ፤ ስለ ረሃቡ መጀመሪያ ያወቀው ማን ነበር? ሪፖርቱ ከየትኛው ጠረጴዛ ላይ ቆመ? እህል እንዳይላክ ወይም ወሬው እንዳይወራ የወሰነው ማን ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች እንዲመረምር በሕግ የተቋቋመ ሌላ አካል ነበር፤ መርማሪ ኮሚሽኑ። ፊልሙ የሚታወሰውን ያህል ኮሚሽኑ አይታወስም። የመንግሥትን ጥፋት መከታተል ለአንድ ተራ ዜጋ ምን ማለት እንደ ሆነ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የኮሚሽኑ ዕጣ ነው።

ገበያው ያላሳየው ረሃብ

የወሎ ረሃብ ድንገት የደረሰ አልነበረም። በ1965 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የግብርና ሚኒስቴር የሰብል ጥናት የአዝመራውን መበላሸት አመልክቶ ነበር። በዚያው ዓመት ወደ አዲስ አበባ ያቀኑ የወሎ ገበሬዎች ከመንገድ ላይ በፖሊስ ተመለሱ። በጸደዩ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ወደ ሥፍራው ሄደው፣ ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው ለእይታ አቀረቡ። በግንቦት ወር ግን ዋና ከተማዋ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ዐሥረኛ ዓመት ለማክበር የአህጉሩን መሪዎች ትቀበል ነበር፤ ያ ወቅት ስለ ረሃብ የሚወራበት እንዲሆን የሚፈልግ ባለሥልጣን አልነበረም። የዲምብልቢ ፊልም በብሪታንያ የተላለፈው በጥቅምት 1966 ነው። ስለዚህ የለንደን ተመልካች የወሎን ረሃብ ከአዲስ አበባው ተመልካች ዐሥራ አንድ ወር ቀድሞ አየ።

ምጣኔ ሀብታዊው ጉዳይ እዚህ ላይ ይገባል። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የድህነትና የረሃብ ጥናት እንዳሳየው፣ በረሃቡ ዓመት በሀገር አቀፍ ደረጃ የእህል ምርት የቀነሰው በመጠኑ ነበር። በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የወጣ እህል ነበር። አዝመራው የጠፋበት ገበሬ የሚበላውንም የሚሸጠውንም በአንድ ጊዜ ስላጣ፣ ወደ ገበያ የሚወጣበት ገንዘብ አልነበረውም። የአፋሩ አርብቶ አደር በበኩሉ የአዋሽን የበጋ ግጦሽ ለሰፋፊ የንግድ እርሻዎች ከለቀቀ በኋላ ድርቁ መጣበት፤ ከብቱ አለቀ፣ የተረፈውም በእህል ሲለወጥ ዋጋው ወደቀ። ገዢ የሌለው ረኃብ ዋጋ አያስወድድም።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይከተላል። በመሐል ከተማ ተቀምጦ የገበያ ዋጋን ብቻ የሚመለከት ሰው፣ ቅን ልቡና ቢኖረውም እንኳ፣ ረሃቡን ሊያየው አይችልም ነበር። ሊያሳዩት የሚችሉት ሌሎች መንገዶች ነበሩ፦ ሳይቆረጥ ወደ ላይ የሚደርስ ሪፖርት፣ ነፃ ጋዜጣ፣ ጥያቄ የሚያቀርብ ምክር ቤት። ሦስቱም የተዘጉ ነበሩ። ጋዜጦች የመንግሥት ነበሩ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ነበሩ። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የሚኒስትሮች ተጠሪነት ለንጉሠ ነገሥቱ እንጂ ለተመረጠው ምክር ቤት አልነበረም። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ መጥፎ ዜና ወደ ላይ የሚያደርስ ሹም ወቀሳ እንጂ ሽልማት አይጠብቀውም። ጥቂት ክፉ ሰዎች ባይኖሩም እንኳ ዝምታው ይኖር ነበር።

ለወራት የቆየ ዜግነት

የካቲት 1966 ይህን ዝምታ ሰበረው። በጥር የነገሌ ቦረና ወታደሮች አመፁ፤ የካቲት 11 ቀን የነዳጅ ዋጋ መናር ያስቆጣቸው የታክሲ ሾፌሮችና አዲሱን የትምህርት ፖሊሲ የተቃወሙ መምህራን ሥራ አቆሙ። የካቲት 20 ቀን የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ልጅ እንዳልካቸው መኮንንም ተተኩ። ከጥቂት ቀናት በኋላም የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መታ።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ወራት የከተማው ሰው ከዚያ በፊት ያልነበረውን ነገር ያደርግ ነበር፤ የመንግሥቱን ሥራ በየዕለቱ ይከታተል ነበር። የጋዜጣ ቁጥጥሩ ላላ፤ ትናንት በሹክሹክታ የሚነገረው በአደባባይ ይታተም ጀመር። በየጎዳናው ወረቀት ይበተን ነበር። በሬዲዮ እጃቸውን እንዲሰጡ የሚጠሩ ባለሥልጣናት ስም ሲነበብ ሰው ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ከዚህ ሁሉ ጩኸት ውስጥ በተደጋጋሚ የሚሰማ አንድ ጥያቄ ነበር፤ የቀድሞዎቹ ባለሥልጣናት ይመርመሩ።

መርማሪ ኮሚሽኑ የዚህ ጥያቄ ውጤት ነበር። በዚያው ዓመት በዐዋጅ ሲቋቋም፣ ባለሥልጣናትን የመጥራት፣ ሰነድ የማስቀረብና የምስክር ቃል የመቀበል ሥራ ተሰጠው። ከአባላቱ መካከል ጎላ ብለው የሚታወቁት የጂኦግራፊ ምሁሩ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ናቸው። ከያዛቸው ዋና ጉዳዮች አንዱ የወሎ ረሃብ ነበር።

የኮሚሽኑ ሥራ በባሕርዩ አሰልቺ ነው። ደብዳቤ ከደብዳቤ ጋር ይመሳከራል፤ ቀን ከቀን ጋር ይነጻጸራል፤ ተከሳሹ ይጠየቃል፣ መልሱም ይጻፋል። ስለ ረሃቡ ሲመረመር አንድ ሚኒስትር «አልተነገረኝም» ቢል፣ የተነገረበትን ቀን የያዘ ወረቀት መፈለግ ያስፈልጋል። ወረቀቱ ከሌለ ደግሞ ሰውየው እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ዕድል የአዳማጩን ትዕግሥት ይፈታተናል፤ ምክንያቱም ሕዝቡ አስቀድሞ ፈርዷል። ሆኖም ምርመራን ከውግዘት የሚለየው ይኸው ዕድል ነው። እስር ላይ የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ስለ አገልግሎታቸው በእጃቸው የጻፉት ቃል ከዓመታት በኋላ በመጽሐፍ ታትሟል። ቃላቸውን አምኖ መቀበልም ሆነ ውድቅ ማድረግ የሚቻለው ግን በሌላ ማስረጃ ሲፈተን ብቻ ነበር።

ኅዳር 14

ሰኔ 21 ቀን 1966 የተቋቋመው ደርግ ለዚህ ዓይነት ሥራ ትዕግሥት አልነበረውም። በሐምሌ ወር ልጅ እንዳልካቸው ራሳቸው ከሥልጣን ተነሥተው ታሰሩ፤ የመርማሪው ኮሚሽን መቋቋም የታወጀበት መንግሥት መሪ ራሳቸው ተመርማሪ ሆኑ። በክረምቱ ዘመቻው በንጉሠ ነገሥቱ ላይ አነጣጠረ። ስለ ንብረታቸውና በውጭ ባንክ አለ ስለ ተባለው ሀብት ይነገር የነበረው ቁጥር በየሳምንቱ ይጨምር ነበር፤ ቁጥሩ ግን አልተረጋገጠም። የፊልሙ ምሽት የዚህ ዘመቻ ማጠቃለያ ነበር። ፊልሙ በወጣበት ጊዜ ያልታየው የእነዚያኑ ሟቾች ሕይወት ለማትረፍ አልነበረም፤ ሲታይም እነርሱ ሞተው ዓመት አልፏቸው ነበር። የሚታይበትን ቀን የመረጠው ሥልጣን ለመያዝ የተዘጋጀው ወገን ነው።

በኅዳር 1967 ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እና ልዩ የጦር ፍርድ ቤት በዐዋጅ ተቋቋሙ። ሕጉ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሠራ በመሆኑ ብቻ ከባድ ነቀፋ ይገባዋል። የሚያስደንቀው ግን ደርግ ይህን ለራሱ ያበጀውን ፍርድ ቤት እንኳ አለመጠቀሙ ነው። ኅዳር 14 ቀን፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። አክሊሉና እንዳልካቸው ከእነርሱ መካከል ነበሩ። የደርጉ ሊቀ መንበር የነበሩት ሌተና ጄኔራል አማን አንዶምም በዚያው ሌሊት በቤታቸው በተከፈተ ተኩስ ሞቱ። ከሟቾቹ ውስጥ ከረሃቡ ጋር ምንም ግንኙነት ያልነበራቸው፣ ደርጉን ከውስጥ የተቃወሙ መኮንኖችና ወታደሮች ነበሩ። በማግሥቱ ሬዲዮ ሁሉንም በአንድ ዝርዝር አነበባቸው።

ያ ዝርዝር የወሎን ጥያቄ ዘጋው። በሥልጣን የባለገ፣ ረሃብ የደበቀ፣ ወይም ከደርግ ጋር ያልተስማማ ሰው በአንድ ሚዛን ተመዘነ። ዋናዎቹ ተጠያቂዎች ስለ ሞቱ የሚጠየቅ አልቀረም፤ ያልጠፋ ጥፋት ካለም ነፃ የሚወጣበት መንገድ ተቋረጠ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአሠራሩ ጉድለት ሳይመረመር ቀረ። ሪፖርቱ ለምን እንደ ቆመ የማይታወቅ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እንዳይቆም የሚደረግበት መላ የለም። ብዙ ሰው በዚያ ቀን ፍትሕ ተሰጠ ብሎ አምኖ ነበር፤ የተወሰደበት ግን የመጠየቅ መብቱ ነበር።

ዐሥር ዓመት

ውጤቱ እስኪታይ ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም። መስከረም 2 ቀን 1977 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን መመሥረት በታላቅ ሰልፍና ድግስ ሲያከብሩ፣ በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። ከ1966ቱ ረሃብ በኋላ የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። የከተማው ጋዜጣና ሬዲዮ ግን ስለ በዓሉ ነበር የሚያወራው። በጥቅምት ወር የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አናወጠ። የሟቾቹ ግምት ከ4 መቶ ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይደርሳል።

ተመሳሳይነቱን ለማየት ጥረት አያስፈልግም፤ ሁለት ዐሥረኛ ዓመት በዓል፣ ሁለት ዝምታ፣ ሁለት የውጭ ካሜራ። ረሃብ በመደበቅ የተከሰሰውን መንግሥት የጣለ መንግሥት ራሱ ረሃብ ደበቀ። በ1967 ሰዎቹ ተቀጡ፤ ዜና የሚታፈንበት አሠራር ግን እንደ ነበረ ወደ አዲሱ ቤት ተዛወረ፤ እንዲያውም ጠነከረ። ሴን በሌላ ጽሑፉ ነፃ ጋዜጣና ተፎካካሪ ምርጫ ባለበት ሀገር ታላቅ ረሃብ አይደርስም ሲል የሚከራከረው ከእንዲህ ያለ ታሪክ ተነሥቶ ነው።

የኅዳር 14ቱ ግድያ ራሱ ለፍርድ የቀረበው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ክሱን በ1987 ፍርድ ቤት አቀረበ፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባሉት በታኅሣሥ 1999 ነው። ሂደቱ በመጓተቱ ብዙ ተወቅሷል። ነገር ግን ዐቃቤ ሕጉ ከተደገፈባቸው ዋና ማስረጃዎች መካከል ደርግ ራሱ ጽፎ፣ ፈርሞና አትሞ ያስቀመጣቸው ሰነዶች ይገኙባቸዋል። ያለ መዝገብ የገደለው ወገን በመዝገብ ተጠየቀ፤ ተከሳሾቹም በ1967 የነፈጉትን ጠበቃና የመልስ ዕድል አገኙ።

ተመልካችና ተከታታይ

ዛሬ በዋሽንግተን፣ በለንደን ወይም በዱባይ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የሀገሩን ቅሌት ከአዲስ አበባው ሰው እኩል፣ አንዳንዴም ቀድሞ ያያል። በ1966 ዐሥራ አንድ ወር የነበረው ልዩነት ዛሬ ደቂቃ አይሞላም። ከ1966ቱ ታሪክ አንፃር ሲታይ ግን ፍጥነቱ ግማሹን ችግር ብቻ ነው የሚፈታው። በዚያ አዲስ ዓመት ምሽት የጎደለው ምስል አልነበረም።

አንድ ባለሥልጣን በሙስና ታሰረ የሚል ዜና ሲሰማ፣ የዚያ ዓመት ልምድ ጥቂት ጥያቄዎችን ያስነሣል። ዜናው ዛሬ የወጣው ለምንድን ነው? ጉዳዩን የያዘው አካል ከሳሹን ራሱን መጠየቅ ይችላልን? ተከሳሹ መልስ የሚሰጥበት መድረክ አለን? ግኝቱ ለሕዝብ ይታተማልን? ከተቀጣው ሰው በኋላ የሚመጣው ሹም በምን ይጠየቃል? በ1967 ለእያንዳንዱ ጥያቄ የነበረው መልስ መጥፎ ነበር፤ ስለዚህ ከፍተኛው የሕዝብ ቁጣ ዝቅተኛውን ተጠያቂነት አስገኘ።

ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ከኮሚሽኑ በኋላ የኢትዮጵያ ገጠር ለረሃብ የተጋለጠበትን ምክንያት በመጽሐፍ አጠኑ። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ከሌሎች ጋር ሆነው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤን መሠረቱ። ጉባኤው በተራ ቁጥር የሚያወጣቸው መግለጫዎች ለማንበብ አይማርኩም፤ የተበዳይ ስም፣ ቦታ፣ ቀን፣ የደረሰው በደል፣ አለፍ ሲልም ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት የተገኘ ወይም ያልተገኘ ምላሽ ናቸው። የቀረቡትም ቤቱ ድረስ ሄዶ የደረሰበትን ባስመዘገበ ተራ ሰው ቃል ላይ ተመሥርተው ነው። በኅዳር 1967 የተዘጋው መዝገብ በዚህ መልክ፣ ያለ ዐዋጅና ያለ ሥልጣን፣ እንደ ገና ተከፈተ።