«ተመላላሽ ሽምግልና» ብንለውስ?

«ማመላለሻ» የሚለው ቃል ሲጠራ ዓይኔ ላይ የሚመጣው አውቶቡስ ነው። የሕዝብ ማመላለሻ፣ የሠራተኛ ማመላለሻ፣ ጠዋት ሕፃናትን ለቅሞ ማታ የሚመልሰው ሚኒባስ። እንግዲህ አንድ ዜና አንባቢ ድምፁን አስተካክሎ «ልዩ መልእክተኛው የማመላለሻ ዲፕሎማሲያቸውን ቀጥለዋል» ሲል ሰውየው መሪ ጨብጠው፣ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ መንገደኛ ሲጠራ ባይ ምን ይፈረድብኛል? ትርጉሙን የፈሩት ደግሞ «ሻትል ዲፕሎማሲ» ብለው እንዳለ ያሳልፉታል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ ለመወሰን ይቸግራል።

ነገሩን አንባቢ ያውቀዋል። የተጣሉት ወገኖች ፊት ለፊት መቀመጥ አይፈልጉም፤ አስታራቂው ከአንዱ ዘንድ ቃል ተቀብሎ ለሌላው ያደርሳል፣ መልሱን ይዞ ይመለሳል። ስሙ የገነነው በፈረንጆቹ 1974 የአሜሪካው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሄንሪ ኪሲንጀር የጥቅምቱን ጦርነት ተከትሎ በጥር ወር ከአስዋን ኢየሩሳሌም፣ በግንቦት ደግሞ ከኢየሩሳሌም ደማስቆ እየበረረ የግብፅን፣ የሶርያንና የእስራኤልን ጦር ለማራራቅ ሲደራደር ነው። በ2024 አንካራ ላይ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሲደራደሩም የቱርኩ አቻቸው ሀካን ፊዳን ሁለቱን ለየብቻ እያነጋገሩ በመካከል ተመላልሰዋል። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያሻውም፤ ጭቅጭቁ ስሙ ላይ ነው።

የእንግሊዝኛው ሻትል የሸማኔ ዕቃ ነው። ማግ የተጠቀለለበት፣ በድሩ መሐል ከግራ እጅ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚወረወረው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ የሚወረወር ፍላጻ ማለት ነበር፤ መተኮስና መወርወር ከሚለው ግሥ ጋር ዘመድ ነው። የእኛ ሸማኔስ ይህንኑ ዕቃ ምን ይለዋል? መወርወሪያ! ሳይማከሩ አንድ ሐሳብ ላይ የደረሱ ሁለት ቋንቋዎች። በዚህ ደስ ብሎኝ «የመወርወሪያ ዲፕሎማሲ» የሚል ሙከራ አድርጌ ነበር፤ ጮክ ብሎ ላነበበው ግን የእጅ ቦምብ የሚወራወሩ አምባሳደሮች ይታዩታል። ደግሞም ኪሲንጀርን ተከትለው የበረሩት ጋዜጠኞች ሽመና ትዝ ብሏቸው አይመስለኝም። ቃሉ ከሸማኔ ቤት ከወጣ ቆይቷል፤ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ብቻ የሚሄድ ባቡር መጠሪያ ሆኗል፣ ከ1961 ጀምሮም ኢስተርን የተባለው አየር መንገድ ኒው ዮርክን ከዋሽንግተንና ከቦስተን ያገናኘበት በረራ በዚሁ ስም ተጠርቷል። የአሜሪካን ጆሮ የሚሰማው ይህን ነው። (የጠፈሩን ሻትል «መንኮራኩር» ያልነው እኛ ነን። መንኮራኩር በግዕዝ የሠረገላ ጎማ ነው፤ ግን ተለመደ፣ ማንም ቅር አይለውም።)

እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ ወዲያና ወዲህ ማለት የተለየ ግሥ ያከማቻል፦ ለውሻ ጭራ ሌላ፣ ለሕፃን አልጋ ሌላ፣ ነፋስ ለመታው ዛፍ ሌላ፣ ለማይቆርጥ ልብ ሌላ። እኛም የለንም ማለት አይደለም። ውሻ ጭራውን ይቆላል፣ ቡና በሚቆላበት ግሥ። ወተት ይናጣል፣ ሕፃን እሹሩሩ ይባላል። አማርኛ የሚበረታው ግን ሌላ ዘዴ ላይ ነው፤ የግሡን መካከለኛ ፊደል ይደግማል። መለሰ፣ ተመለሰ፣ ተመላለሰ። «ለ» ስትደገም መንገዱም ይደገማል፤ «ወዲያና ወዲህ» የሚል ማሟያ ሳንጨምር ድምፁ ራሱ ይሄዳል ይመጣል። ተወዛወዘ፣ ተንገዳገደ ስንልም ጆሮ እንቅስቃሴውን ይሰማዋል። በአብዮቱ ዘመን በራሪ ወረቀት የሚጽፉት ወጣቶች አቋም የለሾችን «ወላዋይ» ሲሉ ከየትም አልተበደሩም። ወለል የሚወለውለውን ጨርቅ ያየ ሁሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠፋውም።

ወደ ማመላለሻ እንመለስ። ይህ ቃል የወጣው «ተመላለሰ» ከሚለው ሳይሆን «አመላለሰ» ከሚለው ነው። ልዩነቱ የአንዲት «አ» ነው፤ ሰፊ ልዩነት ነው። የተመላለሰ ራሱ ሄዶ መጣ፤ ያመላለሰ ሌላ ነገር ተሸክሞ ሄዶ መጣ። ዲፕሎማቱ የሚሸከመው ምንድን ነው? ቃል። ቃል የሚያመላልስ ሰው ደግሞ በአማርኛ ከጥንትም ስም አለው፦ ወሬ አመላላሽ። ጎረቤት ከጎረቤት የሚያጋጭ፣ ቡና ከጠጣበት ቤት የሰማውን ምሳ ለሚበላበት ቤት የሚያደርስ። ሰላም ሊያወርድ የወጣን ሰው በዚህ ስም መጥራት፣ እንዲያው ለመናገር ያህል፣ ስድብ ነው።

«የምልልስ ዲፕሎማሲ» የሚሉም አጋጥመውኛል። የተሻለ ነው። ችግሩ ምልልስ ዛሬ ንግግር መሆኑ ነው፤ የደብዳቤ ምልልስ፣ ቃለ ምልልስ። ሁለት ሰው እየተነጋገረ መሆኑን ያመለክታል፤ እዚህ ጋ ደግሞ ዋናው ነገር ሁለቱ አለመነጋገራቸው ነው።

የኔ ምርጫ «ተመላላሽ ሽምግልና» ነው። ሽምግልና ከዲፕሎማሲ የሚሻልበት ምክንያት አለው። ዲፕሎማሲ ሁለት አገሮች በራሳቸው ሊያካሂዱት ይችላሉ፤ ሽምግልና ግን ሦስተኛ ሰው ከሌለ ሽምግልና አይባልም። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ እሷን ከቤተሰቦቿ ቤት፣ ቀጥሎ እሱን ከቤቱ፣ እንደገና እሷን፣ እያሉ ሳምንት እንደሚከርሙ የማያውቅ የለም። ፊት ለፊት የሚያስቀምጧቸው ነገሩ ከበረደ በኋላ ነው። ኪሲንጀር የፈጠረው አውሮፕላኑን እንጂ ዘዴውን አይደለም ብል ማጋነኔን ይቅር በሉኝ።

ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፦ «ተመላላሽ» ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል፣ ተመላላሽ ታካሚ ይመስላል። ይምሰል! ተመላላሽ ታካሚ ማለት ሆስፒታል የማያድር ማለት ነው። ደላላ ጋ ሠራተኛ ፍለጋ የሄደ ሰው የሚጠየቀውም ይኸው ነው፤ አዳሪ ይፈልጋሉ ወይስ ተመላላሽ? ሸምጋይም ከአንዱ ወገን ዘንድ አዳሪ ከሆነ ሽምግልናው አበቃ።

በነገራችን ላይ ይህች ቃል ሌላም ዕዳ ትከፍልልናለች። «በቀን ሁለት ሰዓት ኮሚዩት አደርጋለሁ» የሚል ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ አሁን አሁን ከሰበታ አዲስ አበባ የሚሠራውም እንዲያ ማለት ጀምሯል። የእንግሊዝኛው ኮሚዩት ከሥሩ መሄድ የሚባል ነገር የለበትም፤ መለወጥ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን፣ በ1840ዎቹ፣ የአሜሪካ ባቡር ኩባንያዎች በየቀኑ ለሚሳፈር ሰው የዕለቱን ዋጋ ቀንሰው በጅምላ ቲኬት ለወጡለት፤ ከቲኬቱ ስም መንገደኛው ተሰየመ። ሂሳብ ሠራተኛ ያወጣውን ቃል ለመዋስ የሚያስገድደን ምን አለ? «ከሰበታ እመላለሳለሁ» በቂ ነው።

ለዜና ጸሐፊዎችም አንድ ነገር ልጨምር። ሐረጉ ከነጭራሹ የማያስፈልግበት ጊዜ ይበዛል። እንግሊዝኛ ስም ይወዳል፤ አማርኛ ግሥ ላይ ያርፋል። «ሚኒስትሩ በሁለቱ ልዑካን መካከል ሲመላለሱ ዋሉ» ብሎ የጻፈ ሰው ሁሉንም ብሏል፤ ስሙን ለርእሰ ዜና ያስቀምጠው።