ለሳጥናኤል የማለደች እናት

ከመገናኛ ተነሥቶ በኢምፔሪያል በኩል ወደ ቦሌ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፥ ከሾፌሩ ራስ በላይ ከተለጠፉት ሥዕላት መካከል፥ በባሕር ውስጥ ቆማ እጆቿን ለጸሎት የዘረጋች የአንዲት እናት ሥዕል ነበረ። አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት፥ «ይህች ለሰይጣን የጸለየችው አይደለችም እንዴ?» ብሎ ፈገግ ቢል፥ ከኋላ የነበሩ አንዲት ባልቴት፥ «ለእኛ ነው የጸለየችው ልጄ» ብለው መለሱለትና ኢምፔሪያል ላይ ወረዱ። ሊቃውንት የሚሟገቱበትን ነገር እርሳቸው በአንድ ቃል ዘጉት፤ እኔ ግን አሳቡን ይዤ ቀረሁ።

በሥዕሉ ላይ ያለችው፥ ትርጓሜ ስሟ ክርስቶስ ወደዳት ማለት የሆነው ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ፥ በ15ኛው መቶ ዘመን በሸዋ፥ በቡልጋ የኖረች፥ በሕግ ተድራ ልጆች ያፈራች ባለጸጋ የቤት እመቤት ነበረች። ገድሏ እንደሚተርከው፥ አንድ ቀን በገረዷ ላይ ተቈጥታ የእሳት ትንታግ በአፏ ብትጨምርባት ገረዲቱ ሞተች፤ እመቤቲቱም ባደረገችው ደንግጣ፥ ሟቿ ብትነሣላት ዓለምን ልትንቅ ተሳለች። ገረዲቱ ተነሣች፤ እርሷም ባሏንና ቤቷን ትታ፥ የክብር ልብሷን ለነዳያን ሰጥታ፥ በደብረ ሊባኖስ መነኰሰች። ከዚያም ወደ ጣና ሄዳ፥ ዛሬ ገዳሟ ባለበት በጓንጉት፥ ዓሦች በቈሰለ ሥጋዋ መካከል እስኪመላለሱ ድረስ በባሕሩ ውስጥ ቆማ ስትጸልይ ኖረች።

ክርክሩን ያመጣው ግን ከራእዮቿ አንዱ ነው። የአዳም ልጆች መከራ ከዲያብሎስ ጠላትነት የመጣ ነውና እርሱ ቢታረቅ ሰው ሁሉ ያርፋል ብላ፥ ሳጥናኤልን ይምረው ዘንድ ፈጣሪዋን ለመነች። ቅዱስ ሚካኤል ወደ ሲኦል መርቷት ታራቂውን በስሙ ብትጠራው፥ ይቅርታን የናቀው ሳጥናኤል እጇን ይዞ ወደ ጥልቁ ሳባት፤ መልአኩ በሰይፉ ሲያድናት ግን ብቻዋን አልወጣችም፥ እልፍ ነፍሳት ተከትለዋት ወጡ። ነቃፊዎች በዚህ ታሪክ ኑፋቄ ሲያዩ፥ ወዳጆቿ ልመናዋ ስለ ሰው ልጅ እንጂ ስለ ሰይጣን ፍቅር እንዳልነበረ ይመልሳሉ፤ ገድሉም ይህን ከራሷ አንደበት ያሰማል። የእኛ መነኰሳት ከሚያነቧቸው መጻሕፍት አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅ፥ የሚራራ ልብ ለአጋንንት እንኳ እንደሚያለቅስ ማስተማሩን የሚያስታውስ ሰው፥ አሳቡ ከገዳም ጓሮ ውጭ የበቀለ እንግዳ ተክል ነው ለማለት ይቸገራል።

ራእይዋ ክርክር ያስነሣባት እናት እርሷ ብቻ አይደለችም፤ በክርስቶስ ሠምራ ዘመን አካባቢ በእንግሊዝ አገር ማርጀሪ ኬምፕ የምትባል የ14 ልጆች እናት ራእይዋን ለጸሓፊ ነግራ አስጽፋለች። እርሷም በሕይወቷ ሳለች በመናፍቅነት ተከስሳ ተመርምራለች። የክርስቶስ ሠምራን ገድል ግን ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1956 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር አሳትሞ ለአውሮፓ ሊቃውንት አደረሰው፤ በአገሯ ያሉት ምእመናን፥ ነሐሴ 24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ዕረፍት ሲያከብሩ የእርሷንም በዓል አብረው የሚያከብሩት፥ እርሱን አልጠበቁም።

እኔ እንደማስበው፥ ወዳጅም ነቃፊም ስለ ሳጥናኤል ሲከራከር የታሪኩን ሥር ዘልሎ ያልፋል። ሲኦል ድረስ ያወረዳት ያች ትንታግ ናት። በቍጣ ሰው ገድላ ምሕረት ያገኘች ሴት፥ ከምሕረት ውጭ የሚቀር ፍጥረት አለ ብላ መቀበል እንዴት ይቻላት ነበር? ነገር ግን ለጠላት የማለደችው እናት፥ ከማማለዷ በፊት የገረድን አፍ በእሳት የዘጋች እመቤት መሆኗን ገድሉ ሳይሸሽግ መጻፉ፥ ከዓሦቹ ተአምር ይልቅ እኔን ያስደንቀኛል።

ከታክሲው ልወርድ ስል ሥዕሉን እንደ ገና ተመለከትሁት። ባሕሩ አለ፥ መልአኩ አለ፥ በማዕዘኑም ጥቁሩ ሳጥናኤል አለ፤ ገረዲቱ አልነበረችም።