ስለ ኤረር ቆላ መንገድና ስለ አባን ሥርዓት

በረሃን ለሚሻገር ሰው ከጕልበትና ከመሣሪያ ይልቅ የሚያድነው የአገሬው ሰው ዕውቀትና ታማኝነት ነው። ይህንም ነገር በኤረርና በጅጅጋ ዙሪያ ያለው የጥንት መንገድ ታሪክ ይመሰክራል።

ኤረር የሚባል ስፍራ ሁለት ነው። አንደኛዋ ከድሬ ዳዋ በስተ ምዕራብ በባቡር ሐዲድ አጠገብ ያለችው፥ በፍል ውኃዋ የታወቀችው ከተማ ናት። ሁለተኛው ከሐረር በስተ ምሥራቅ ያለው ወንዝ ነው፤ እርሱም ከሐረር ደጋ ተነሥቶ በጥልቅ ሸለቆ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርድና ከዋቢ ሸበሌ ይገናኛል። ሸለቆው የዝሆን መዋያ ስለ ሆነ በ1962 ዓ.ም. የባቢሌ የዝሆን መጠለያ ተብሎ ተከልሏል። ከጅጅጋ ወደ ሐረር የሚመጣ መንገደኛ የካራማራን በር አልፎ፥ ድንጋዩ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ የሚያስደንቀውን የዳካታን ሸለቆ ተሻግሮ፥ ከባቢሌ በኋላ ኤረርን ወርዶ ይወጣል።

በዚህ ቆላ ያሉት ብዙዎቹ ወንዞች በዝናም ጊዜ በጐርፍ ይሞላሉ፤ በበጋ ግን ከአሸዋ በቀር የሚታይ የላቸውም። ሆኖም ውኃው ከአሸዋው በታች ተሰውሮ ይቀመጣል። ስፍራውን የሚያውቅ ቈፍሮ ይጠጣል፤ የማያውቅ ግን በውኃ ላይ ቆሞ በጥም ይሞታል።

ስለዚህ በሶማሌ አገር እንግዳ የሆነ ነጋዴ ሁሉ አስቀድሞ አባን መያዝ ግዴታው ነበር። አባን ማለት ጠባቂና ዋስ ማለት ነው። መንገድ ይመራል፤ ያስተረጕማል፤ በገበያም ይሸመግላል፤ ስለዚህም ዋጋ ይቀበላል። በእንግዳው ላይ ጥቃት ቢደርስ ውርደቱ የአባኑና የወገኑ ሆኖ ይቈጠር ነበር።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ወደ ሐረር በተጓዘ ጊዜ ይህንኑ ሥርዓት ተከተለ። የዘይላ ገዥ ሐጂ ሸርማርኬ ራጌ የሚባለውን የኢሳ ባላባት አባን አድርጎ ሰጠው። በርተንም የዐረብ ነጋዴ መስሎ ኅዳር 19 ቀን ከዘይላ ተነሣ፤ በረሃውንና በጅጅጋ አቅራቢያ ያለውን ሰፊ ሜዳ አቋርጦ፥ በ37 ቀን፥ ታኅሣሥ 26 ቀን ሐረር ገባ። ወደ ከተማዪቱ ሲቀርብ ግን መደበቁን ትቶ እንግሊዛዊ መሆኑን ገለጠ። በአሚር አሕመድ ፊት ቀርቦ ዐሥር ቀን ከቈየ በኋላ በሰላም ተሰናበተ።

ሲመለስ ግን ጕዞውን ለማፍጠን ከጥቂት ባልንጀሮች ጋር በበቅሎ ወደ በርበራ ሲገሠግሥ ውኃ አጣ። ሠላሳ ስድስት ሰዓት ያህል በጥም ከተጨነቁ በኋላ አንዲት የበረሃ ወፍ በላያቸው በርራ ስትወርድ አየ፤ እርስዋን ቢከተሉ ምንጭ አገኙ። ይህች ወፍ የምትመገበው ደረቅ ዘር ስለ ሆነ ውኃ ፍለጋ መውጣት ልማዷ ነው። በርተንም ከዚያ ወዲህ ይህችን ወፍ ተኵሶ እንዳልመታ በመጽሐፉ ጽፏል። በአሚር ፊት በንግግሩ የዳነው ሰው በበረሃ የዳነው በወፍ መሪነት ነው።

ባልንጀራው ስፒክ ደግሞ በዚያው ዘመን ወደ ምሥራቁ የሶማሌ ምድር ሄዶ ከአባኑ ጋር ስለ ተጣላ፥ ካሰበበት ሳይደርስ ተመለሰ። አባኑንም በዓደን አስከስሶ አስቀጣው፤ ሥርዓቱም እንዲሻር ፈለገ። ሚያዝያ 12 ቀን 1847 ዓ.ም. በበርበራ ሰፈራቸው ላይ በሌሊት አደጋ ተጥሎ ስትሮያን የሚባለው መኰንን ሞተ፤ ስፒክ ብዙ ቈሰለ፤ በርተንም ጕንጩን በጦር ተወጋ።

ኋላም የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የቀድሞው የብዙ ቀን የእግር መንገድ ለባቡር የሰዓታት ጕዞ ሆነ፤ የአባንም ሥራ እየቀነሰ ሄደ። ነገር ግን ከሐዲዱ ርቆ ወደ ቆላው የሚወርድ ሰው እንደ ቀድሞው ሁሉ ጕድጓዱን የሚያውቀውን እረኛ ይጠይቃል። በርተን መጽሐፍ ጽፎ ስሙ በዓለም ተሰማ፤ ራጌ ግን የሚታወቀው በእንግዳው ገጾች ብቻ ነው። እንግዲህ የበርተንን ጕዞ የሚያመሰግን ሰው በፊት በፊቱ የሄደውን መሪም ሊያስብ ይገባዋል።