የካላሃሪ ሳላ በኒው ሜክሲኮ በረሃ

በአሜሪካ የኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በሳን አንድሬስና በሳክራሜንቶ ተራሮች መካከል፣ ቱላሮሳ የሚባል ደረቅ ሸለቆ ተዘርግቷል። ነጭ የጂፕሰም አሸዋ፣ ጨው የቋጠረ ሜዳና እሾሃማ የሜስኪት ቁጥቋጦ የሞላበት አገር ነው። በዚህ በረሃ ፊቱ ጥቁርና ነጭ፣ ጅራቱ የፈረስ የመሰለ፣ ቀንዶቹ እንደ ጦር የቀኑ እንስሳ በመንጋ ይግጣል። የካላሃሪ ሳላ ነው፤ የእኛው የአዋሽ ሳላ የቅርብ ዘመድ። ከደቡባዊ አፍሪካ ተነስቶ እንዴት እዚያ ደረሰ? ከደረሰ በኋላስ ምን ሆነ? (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሸለቆው ቀድሞ የከብት አርቢዎች ነበር። በ1942 የአሜሪካ ጦር ለቦምብ መለማመጃ ፈለገው፤ አርቢዎቹም ጦርነቱ ሲያልቅ እንመለሳለን ብለው ለቀቁ። አልተመለሱም። በ1945 የዓለም የመጀመሪያው አቶሚክ ቦምብ በዚያው ይዞታ ሰሜናዊ ክፍል ፈነዳ፤ አገሩም ከ8,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ የኋይት ሳንድስ ሚሳይል መሞከሪያ ሆነ። በአጎራባቹ መሬት ጆን ፕራዘር የተባሉ አዛውንት አርቢ በ1957 ጦሩ ሊያስነሳቸው ሲመጣ ከቤቴ አልወጣም ብለው ጸኑ፤ ኋላም ቤታቸውና በዙሪያው ያለው ጥቂት መሬት ተተወላቸው። የሌሎቹ ግን ውኃ ጉድጓዱም በረቱም ባዶ ቀረ።

ሳላውን ወደዚህ ባዶ አገር ያመጣው ሐሳብ በዋናነት የፍራንክ ሂበን ነበር። ሂበን የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስት፣ ዓለምን የዞረ አዳኝ፣ የግዛቱም የአደን ኮሚሽን ሰብሳቢ ነበር። በአገሩ በረሃ ለአዳኝ የሚበቃ ትልቅ እንስሳ የለም፤ ካለበት እናምጣ ባይ ነበር። ከሰሜን አፍሪካ ተራሮች የመጣው የዱር በግ ቀድሞ በ1950 ተለቅቆ ነበር፤ የኢራን ዋልያ መሰል ፍየልም በ1970 ተከተለ። የሳላው ነገር የተጀመረው በ1969 ነው። ከካላሃሪ የተያዙት እንስሳት በበሽታ ፍራቻ ከአጥር እንዳይወጡ ስለተከለከለ፣ በረሃው ላይ የተለቀቁት እዚያ የተወለዱት ልጆቻቸው ናቸው። እስከ 1977 ድረስ 95 ሳላ ተለቀቀ። ባለሙያዎቹ ቁጥሩ ከ500 ወይም ከ600 አያልፍም ብለው ነበር።

አለፈ። በካላሃሪ አንበሳና ጅብ ግልገሉንም ደካማውንም ይለቅማሉ፤ ድርቁም የራሱን ይወስዳል። በቱላሮሳ አንበሳ የለም። የአገሩ ፑማ አልፎ አልፎ ግልገል ቢነጥቅም መንጋውን የሚገታ አቅም የለውም። እንስቷም የመራቢያ ወቅት አትጠብቅም፤ በወለደች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደገና ትፀንሳለች። የውኃ እጦት አያሳስባትም፤ ከሣሩ፣ ከበረሃ ቅሉና ከሜስኪቱ ፍሬ እርጥበቷን ታገኛለች። ሙቀቱ ሲበረታ የሰውነቷ ሙቀት ከፍ ቢልም፣ ትቋቋመዋለች። እንዲህ ያለ ፍጡር ጠላት በሌለበት በረሃ ቢለቀቅ ምን ያቆመዋል? ኋላ ቁጥሩ ከ3,000 እስከ 6,000 እንደሚደርስ ተገመተ።

ስለዚህ የአንበሳውን ሥራ ጠመንጃ ተረከበ። አደኑ ገና በ1974 ተጀምሮ ነበር፤ ዛሬ ፈቃድ የሚገኘው በዕጣ ነው። በሚሳይል መሞከሪያው ውስጥ የሚታደንበት ዋናው ፈቃድ ለአንድ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል፤ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ጦርነት ለተመለሱ የግዛቱ ወታደሮችም የተለየ ድርሻ ተመድቦላቸዋል። አዳኞቹ ገና በማለዳ በሩ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ማንነታቸው ይጣራል፤ መሬት ላይ የወደቀ ብረት እንዳይነኩ ይነገራቸዋል፤ ያልፈነዳ ጥይት ሊሆን ይችላልና። ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ፦ የወደቀ ሳላ ሞቷል ብሎ በፊቱ በኩል የሚቀርብ ሰው የለም። ቆስሎ የተኛው እንስሳ ራሱን በድንገት ወርወር ሲያደርግ ሜትር የሚጠጋው ቀንድ ሰውን ይወጋል። ሥጋው ስብ የለሽ፣ ጣፋጭ ነው፤ ቤተሰብ ወራት ይበላዋል። ከመሞከሪያው ድንበር ወጥቶ በአርቢዎችና በመንግሥት ግጦሽ ላይ የሚገኘው ሳላ ደግሞ ወደዚያ እንዳይስፋፋ ዓመቱን ሙሉ ይታደናል።

ጎረቤቱ ብሔራዊ ፓርክ፣ የኋይት ሳንድስ አሸዋ፣ ሳላውን ሊታገሥ አልቻለም። ባዕድ እንስሳ የአገሩን ሣርና አፈር እንዳይጎዳ ሲባል በ1990ዎቹ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ አጥር ተሠራ፤ ውስጥ የቀሩትም ለዓመታት እየተለቀሙ ወጡ። በዚያው ዘመን፣ በሳን አንድሬስ ተራሮች የኖረው የአገሩ ተወላጅ የበረሃ በግ በእከክ በሽታና በፑማ ተመናምኖ በ1997 አንዲት እንስት ብቻ ቀርታ ነበር። ጥፋቱ የሳላው ነው አልልም፤ በሽታው የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ነገር ግን እንግዳው ሲበዛ ነባሩ ከእጅ ሊያመልጥ መድረሱ ያሳዝናል። በጉን ለመመለስ በ2002 ከሌላ ቦታ መንጋ ማምጣት ግድ ሆነ።

እኔ አደኑን አልነቅፍም። እንስሳው ከተለቀቀ በኋላ ከአደን የተሻለ መላ አልነበረም፤ ኒው ሜክሲኮም መንጋውን እየቆጠረች ኮታውን እንደ ቁጥሩ ከፍና ዝቅ ማድረጓ የሚመሰገን ነው። የምነቅፈው የ1969ኙን ውሳኔ ነው። ጥቂት ሰዎች በጥቂት ዓመታት የወሰኑት ነገር ለልጅ ልጆቻቸው የማያልቅ ሥራ ሆኖ ቀረ።

እኛም የዚህ ዓይነት ውሳኔ ውርስ አለብን፤ አቅጣጫው ግን የተገላቢጦሽ ነው። የሜስኪት ዘመድ የሆነው ፕሮሶፒስ ከአሜሪካ ምድር መጥቶ በአዋሽ ሸለቆ ተተከለ፤ ዛሬ የአፋርን ግጦሽ እየዋጠ ነው። በዚያ ላይ የአዋሽ አርብቶ አደሮች የሆኑት ከረዩዎች ለሸንኮራ አገዳ እርሻና ለፓርክ መሬት ለቅቀዋል፤ ከብታቸው የቀረው ግጦሽ ከሳላው ጋር የሚሻማበት ነው። የካላሃሪው ሳላ በባዕድ አገር በሺህ ሲቆጠር፣ በአዋሽ ፓርክ ለኢላላ ሳላ ሜዳ መጠሪያ የሆነው የእኛው ሳላ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ጋር ተመድቧል። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን የአዋሽን ሳላ ቆጠራ በየዓመቱ ለሕዝብ ያውጣ፤ ፕሮሶፒሱን ለመመንጠርና ግጦሹን ለመከፋፈል ሲመከርም የከረዩና የአፋር ሽማግሌዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቀመጡ።