አንድ ጣባ ክትፎ

ስሙኝማ! ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጣባ ክትፎ ነው። ክትፎ ደግሞ ምን ወሬ አለው አትበሉኝ። ምግብ ቤት ገብታችሁ፣ ከፍላችሁ፣ አፋችሁን ጠርጋችሁ የምትወጡለት ክትፎ ሌላ፣ ይሄኛው ሌላ። ይሄኛው ማዕድ ላይ እስኪቀርብ ዓመት ተለፍቶበታል፤ ዕዳ ተከፍሎበታል፣ ጠብ በርዶበታል፣ መንገድ ተጠርጎበታል። እንዲያውም ጣዕሙን እናንተው ታውቁታላችሁ ብዬ ልተወውና ከየት ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

ቡኢ ነን። ለማታውቋት፣ ከአዲስ አበባ በዓለም ገና ወጥታችሁ የቡታጅራን መንገድ ትይዛላችሁ፤ መልካ ቁንጡሬ ላይ አዋሽን ትሻገራላችሁ፤ ጢያ ስትደርሱ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ሰይፍ የተቀረጸባቸው አሉባቸው፤ በጠቅላላው 36 ናቸው፣ ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። እነሱን አልፋችሁ ነው ቡኢ የምትገቡት። የሶዶ ወረዳ መቀመጫ፣ የክስታኔ ጉራጌዎች አገር። ዘወትር መኪና አልፏት የሚሄድ ከተማ ናት። በመስቀል ሰሞን ግን መኪናው ሁሉ እዚያው ይቆማል፤ ሰው ይራገፋል፣ ሻንጣ ይራገፋል፣ ኬሻ ይራገፋል።

አንድ ቤት ልውሰዳችሁ። የማን ቤት ነው እንዳትሉኝ። በዚያ ሰሞን የትኛውንም በር ብታንኳኩ የምታገኙት ይህንኑ ነው፦ ከጓዳ የማትወጣ እናት፣ ደጅ ደጁን የሚያይ አባት፣ ምርኩዛቸውን ይዘው መደብ ላይ የተቀመጡ አያት፣ ገና ከአዲስ አበባ ያልደረሰ ልጅ።

ከቆጮው ልጀምር፤ ረጅሙ ታሪክ የሱ ነው። ጤፍ ዘርታችሁ በወራት ውስጥ ታጭዳላችሁ። እንሰት ግን እንዲህ በቀላሉ እጁን አይሰጥም። ችግኙ ይተከላል፣ ይነቀላል፣ ሌላ ቦታ ይተከላል፣ እንደገና ይነቀላል፤ ለመፋቅ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ሲደርስ ሴቶቹ ተጠራርተው ይወጡና ግንዱን በቀርከሃ ይፍቁታል፣ ሥሩን፣ አምቾውን፣ ይከተክቱታል፣ ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ይቀብሩትና ድንጋይ ጭነውበት ይብላላል። ዊልያም ሻክ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ከርዕሱ ጀምሮ «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ ነው የጠራቸው። አልተሳሳተም። እናም ለመስቀል፣ መስከረም 17 የሚቆረሰውን ቆጮ ማን ተከለው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ በብዙ ቤት መልሱ «እማማ ናት፣ ነፍሷን ይማር» የሚል ነው። የተከለችው አፈር ከገባች ቆይታለች፤ ልጆቿ ይበሉላታል።

እናትየዋ ጉድጓዱን ስትከፍት ቀድማ የምታደርገው ማሽተት ነው። ቆጮ በጠረኑ ይታወቃል፤ ደርሶ እንደሆነ፣ አልፎበት እንደሆነ፣ አፍንጫዋ ይነግራታል። ለበዓሉ የምትመርጠው ነጣ ያለውን፣ ቃጫው ያነሰውን ነው። ጠምዝዛ ውሃውን ታወጣለች። ከዚያ ጣውላ ላይ አድርጋ በቢላ ትከትፋለች፤ ቀጫጭኑ ቃጫ ተበጣጥሶ እስኪያልቅ፣ ክንዷ እስኪዝል። ነፍታ፣ አሽታ፣ ኮባ ላይ ጠፍጥፋ፣ በሌላ ኮባ ሸፍና ምጣዱ ላይ ታጋድመዋለች። ኮባው ሲለበለብ የሚወጣው ሽታ አለ፤ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው እንኳ ያን ሲያሸት ደንግጦ ይቆማል።

አሁን ደግሞ ወደ ቅቤው። ክትፎ ያለ ቅቤ ጥሬ ሥጋ ነው፤ ቅቤ ደግሞ በመስቀል ሰሞን እሳት ነው ዋጋው። ታዲያ ይህቺ አንድ ሁለት ላም ያላት ሴትዮ ያን ሁሉ ቅቤ ከየት አመጣችው? ከጎረቤቶቿ። ሴቶቹ የቅቤ ዕቁብ አላቸው፤ ውጆ ይሉታል። የተስማሙበትን ልክ በየተራው እያመጡ ለባለተራዋ ይሰጧታል፤ ነገ ተራው የሌላዋ ነው። ደረሰኝ የለም፣ ማኅተም የለም። በቅቤ የተቀበለች በቅቤ ትመልሳለች፣ አለቀ። ያች ላሟ የነጠፈችባት እንኳ ለበዓል ፊቷ እንዳይጠቁር የሚያደርጋት ይሄው ነው። ቅቤው በኮረሪማና በኮሰረት ይነጠራል፤ ኮሰረት የሌለበትን ቅቤ የጉራጌ ሴት «ቅቤ» ለማለት አፏ አይታዘዝላትም።

በሬው የወንዶቹ ፈንታ ነው። አቅም ያለው ብቻውን ያርዳል፤ አቅም የሌለው ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ይገባል። ገንዘቡ አስቀድሞ ሲጠራቀም ነው የከረመው። ዕቁብ እንዲህ አገሩን ሁሉ ባልያዘበት ዘመንም ጉራጌ ያውቅበት ነበር፤ መርካቶ ያለው ነጋዴ ዕጣው ለመስከረም እንዲደርስለት የማይሳለው ስለት የለም። ቢላዋው አንገት ላይ ከማረፉ በፊት ግን ሽማግሌ ይቆማል፤ ይመረቃል። የተጣላ ካለ ከዚያ በፊት ታርቋል። ተኳርፎ አንድ በሬ መካፈል ነውር ነው፤ ሥጋውም አይጥምም ይላሉ፤ እኔም አምናለሁ።

እስካሁን ያልኳችሁ ሁሉ ከጓሮና ከደጅ የመጣ ነው። የቀረው ልጁ ነው፤ ልጁ ደግሞ የሚመጣው በመንገድ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ይህ መንገድ የራሱ ታሪክ አለው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከዓለም ገና እስከ ወላይታ ሶዶ መንገድ ለማውጣት ማኅበር ተቋቋመ። ከመሪዎቹ አንዱ የሶዶ ጉራጌ ተወላጁ ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ነበሩ። አዲስ አበባ ያለው የአገሩ ልጅ፣ ሱቅ ያለውም፣ ሊስትሮውም፣ ተሸካሚውም ከኪሱ አዋጣ። ዶክተር ፈቃዱ ገዳሙ በ1972 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በዚሁ ማኅበር ላይ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ መንግሥት መንገድ እስኪሠራለት ቁጭ ብሎ ያልጠበቀ ሰው ለምን እንዲህ ተጣደፈ? ለንግድ ነው፣ አዎ። ለሐኪም ቤትም፣ ለትምህርት ቤትም ነው። እኔ ግን ከሁሉ በላይ ለመስቀል ይመስለኛል! የታሪክ ምሁራን ይቆጡኝ።

ልጁም ደረሰ። ለእናቱ ነጠላ፣ ለአባቱ ጋቢ፣ ለሕፃናቱ ከረሜላ፣ ለቤቱ ቡናና ስኳር። «ለመስቀል ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንደሚባለው፣ እህቱ ቀሚሷን ሳታየው እቃው አይወርድም። መስከረም 16 ማታ ደመራው ተለኮሰ። አያትየው ለልጅ ልጆቹ የሚነግሩት ተረት አይደለም፤ ሃይማኖታቸው ነው፦ ንግሥት እሌኒ መስቀሉን ፍለጋ ሄዳ፣ ደመራ አስደምራ፣ ዕጣን ጨምራ፣ ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ ሰግዶ የተቀበረበትን ኮረብታ እንዳሳያት። የዚያ መስቀል ክፋይ በግሸን እንዳለ፣ በመስከረም 21 የግሸን ማርያም እንደሚከበር። ዩኔስኮ በ2013 እ.ኤ.አ. የመስቀልን በዓል በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግበው አያትየው ሰምተዋል፤ «እንኳን ነቁ» ነው ያሉት።

ማግስቱን ማዕዱ ቀረበ። ኮባ ተነጠፈ፤ በጣባ ክትፎው፣ አይቡ፣ ጎመኑ፣ ሚጥሚጣው በጎን። ቆጮው ተቆራርጦ ተደረደረ። ማንም እጁን አይሰድም። አያትየው ተነሡ፤ እኛም ተነሣን።

«ዓመት ከዓመት ያደረሰን ይመስገን።» አሜን።
«የሄዳችሁትን በሰላም የመለሳችሁ ይመስገን።» አሜን።
«የደከመ እጅ አይንጠፍ። የቆመ እንሰት አይድረቅ። የታረቀ አይጣላ።» አሜን፣ አሜን፣ አሜን።
«በሞት የተለዩንን ነፍስ ይማር። ከርሞም እንዲሁ ሰብስቦ ያገናኘን።» አሜን!

ልብ በሉ፤ ምርቃቱ ምስጋና ብቻ አይደለም፤ ሒሳብ ነው። የዓመቱን ገቢና ወጪ አንድ በአንድ ይጠራል፤ የሞተውንም፣ የተመለሰውንም፣ የታረቀውንም። አበዳሪው ማን እንደሆነ ደግሞ ሁሉም ያውቃል፤ እግዜር ነው። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፤ ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። በሬውን የገዛው አባት ተመረቀ። ከሩቅ የመጣው ልጅ ተመረቀ። ቆጮውን የፋቀችው፣ ቅቤውን ሳምንት ከሳምንት ያጠራቀመችው፣ ክንዷ እስኪዝል የከተፈችውስ? ጓዳ ናት፤ አሜን የምትለው ከበሩ ጀርባ ነው። «የደከመ እጅ» ያሉት እሷንም ይጨምራል ትሉኝ ይሆናል። ይጨምር፤ ግን ስሟ ይጠራ! ጉራጌ እኮ የቃቄ ውርድወትን ያፈራ ሕዝብ ነው፤ ሴት በጋብቻዋ ላይ መብቷ ይከበር ብላ በዬጆካ ሸንጎ የተሟገተችውን። የመጀመሪያው ጉርሻ ለእናት ይሁን ብንል ማን ሸንጎ ይጠራብናል?

ጾሙን አልነገርኳችሁም። መስከረም 17 ረቡዕ ወይም ዓርብ የዋለ እንደሆነ ምን ይሆናል? በ2017 ዓ.ም. ሆኗል፤ መስቀል ዓርብ ዋለ። እንደ ልደትና እንደ ጥምቀት ጾም የሚያስፈታ በዓል አይደለምና፣ ጾመኛው ቤት ክትፎውን አላነሣም። አስቡት፤ ዓመት ሙሉ የተጠበቀ፣ ከአዲስ አበባ የተመጣለት፣ ቅቤው የተነጠረለት። ልጆቹ ጣባውን እያዩ ሽሮ በሉ። ቅዳሜ ተበላ። አያትየው «መስቀሉ ላይ የዋለው አንድ ቀን አልቆየልንም እንዴ?» ሲሉ ከወጣቶቹ አንዱ ምራቁን ዋጥ አድርጎ «አሜን» አለ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ እምነት የሚለካው በዝማሬ ድምፅ ብቻ አይመስለኝም፤ ቅቤው እየሸተተ የሽሮ እንጀራ መቁረስም አለበት።

ደግሞ ቡታጅራ በኩል ወረድ ስትሉ ብዙው ጎረቤት ሙስሊም ነው። እሱ ዓመት ሙሉ ጠብቆ አገሩ የሚገባው ለአረፋ ነው፤ የመርካቶ ሱቅ በአረፋም በመስቀልም የሚዘጋው ለዚህ ነው። ለመስቀል ሙስሊም እንግዳ ያለው ቤት በግ ለብቻው፣ በሙስሊም እጅ ያሳርዳል፤ ድስቱም ቢላዋውም ለብቻው ነው። ቆጮው ግን አንድ ነው፣ ቡናውም አንድ ነው። ለአረፋ ደግሞ ክርስቲያኑ ጎረቤት ተራው ደርሶ ይጠራል። ይህን እንደ ትልቅ ወሬ ብትነግሯቸው ግራ ይገባቸዋል።

ከበዓሉ ማግስት ወጣቱ ቤት አይገኝም። አዳብና ነው። ወንዶቹም ልጃገረዶቹም ያላቸውን ለብሰው ገበያ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ ጭፈራው ይደምቃል፣ ዓይን ዓይንን ይፈልጋል። ከሶዶ ትዳር ስንቱ አዳብና ላይ እንደተጀመረ እዚያው ያሉትን ባለትዳሮች ጠይቁ። ልጁ አመሻሽ ላይ ሲመለስ እናትየዋ ጣባ እያጠበች ነበር፤ ቀና ሳትል «የማን ልጅ ናት?» አለችው።

«ማን?»

«ያቺ አብረሃት የጨፈርካት። ጎረቤቶቼ ካንተ ቀድመው መጥተዋል።»

የማን ልጅ እንደሆነች ነገራት። እናትየዋ ጣባውን ደፋችና አሰበች። «እናቷን አውቃታለሁ፤» አለች፣ «ውጆ አብረን ነን። የኔ ተራ አልፏል፤ የሚቀጥለው የሷ ነው። እንግዲህ ቅቤዬን አሳምሬ መመለሴ ነው።»